ጅብራ ወዴት ይሸሻል?
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በጀሞ ቆሞ ዓይኑን ወደ ፉሪ ጋራ፥ አሻግሮም ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያነሣ ሰው አንድ ትምህርት ያገኛል። በወጨጫ ጐን ያለው የሱባ ደን ከታች ጥድ ነው፤ ወደ ራሱ ሲወጡ ግን ጥዱ ይቀርና አስታ ይተካል። እያንዳንዱ ተክል ብርድና ሙቀት የለኩለት ወሰን አለውና። አባቶችም አገሩን ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ፥ ውርጭ ብለው የከፈሉት ይህን በማስተዋል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ፥ በስሜን፥ በባሌ፥ በጮቄና በመንዝ ጓሳ ከፍታዎች፥ ጅብራ የሚባለው ተክል ይኖራል። ከኢትዮጵያ ምድር በቀር በሌላ አገር አይበቅልም። በዚያ ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ ጅብራ ሲመሽ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ እንደ ምሰሶ የረዘመ አበባ አንድ ጊዜ ያወጣል፤ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘሩን በትኖም ይሞታል።

ስለዚህ ተክል በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ኢትዮጵያዊው ደሳለኝ ጫላ ከባልደረቦቻቸው ጋራ መርምረው፥ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት አሳትመዋል። አየሩ ወደ ፊት ሊሞቅ የሚችልበትን ልክ በልዩ ልዩ መንገድ አሰሉ፤ የተክሉንም ዘር መረመሩ። በስሌቱ ሁሉ የታየው አንድ ነገር ነው፤ የጅብራ ስፍራ እጅግ ይጠብባል። በአማካይ ሲታይ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2080 ዓመት ለጅብራ የሚስማማው ምድር ዛሬ ካለው ከመቶ 3.4 እጅ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም በአራት ተራሮች ራስ ላይ ተበታትኖ ይቀራል። በዘሩ ውስጥ ካለው ልዩነትም ከመቶ 82 እጁ ይጠፋል። ይህ የኋለኛው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ገበሬ ያውቀዋል፤ በጎተራው ብዙ ዓይነት ገብስ ያለው ሰው አንዱ በውርጭ ቢመታ በሌላው ይተርፋል፤ አንድ ዓይነት ብቻ የቀረው ግን መጠጊያ የለውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰው ተራራ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ አየሩ አንድ ዲግሪ ቢሞቅ፥ ብርድ ወዳዱ ተክል የቀድሞ ብርዱን ለማግኘት 167 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል። ተራራ ግን እንደ ጎጆ ክዳን ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይጠብባል፤ ከጉልላቱም በላይ ሰማይ እንጂ ሣር የለም። ከታች ያለው ተክል ወደ ላይ ይሸሻል፤ በራስ ዳሽን አናት ያለው ወዴት ይሸሻል?

ይህ የሊቃውንት ስሌት እንጂ የተቈረጠ ፍርድ አይደለም። አየሩን የሚያሞቀው በዓለም ሁሉ ከሚነደው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ ስለ ሆነ፥ ልኩ ከሰው ሥራ ጋራ ይጨምራል፥ ይቀንሳልም። የዚህ ጋዝ ትልቁ ዕዳ የኢትዮጵያ ገበሬ አይደለም። ነገር ግን ሞፈርና ከብት ከታች እየወጡ፥ ሙቀትም አብሮ እየወጣ ተክሉን ከሁለት ወገን ካስጨነቁት፥ ጥፋቱ ይፈጥናል። ሙቀቱን አንድ መንደር ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ ሞፈሩን ግን ሊመልሰው ይችላል።

ለዚህ ምስክሩ መንዝ ነው። የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባል ሥርዓት አለቃ መርጦ፥ ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋ በጊዜው ብቻ እየከፈተ ለብዙ ትውልድ ጠበቀ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ የጥበቃውን ደንብ እንደ ገና አቋቋመ። ስለዚህ ጓሳው ዛሬም አለ፤ ጅብራውም ቀይ ቀበሮውም በዚያ ይኖራሉ። ደጋው የዝናቡን ውኃ በሣሩና በአፈሩ ይዞ ጥቂት በጥቂት ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ስለሚለቅ፥ ጥቅሙ ከታች እስካለው ቆለኛ ድረስ ይደርሳል።

«ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ» ይባላል። የአየር መሞቅም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ዓመት አይታወቅም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን ይታወቃል። ስለዚህ የመምህርና የሽማግሌ ሥራ በዚህ ይገናኛል። ሽማግሌው በልጅነቱ ውርጭ እስከ የት ይወርድ እንደ ነበረ፥ ገብስ እስከ የት ይዘራ እንደ ነበረ ይናገር፤ መምህሩም ተማሪውን ያጽፈው። በጀሞ ጅብራ ባይኖርም፥ አደይ አበባ በየዓመቱ መጀመሪያ የፈካበትን ቀን ልጆች በደብተር ቢይዙ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ደብተር ታላቅ ምስክር ይሆናል። ያልተጻፈ ነገር ሲለወጥ የሚያስታውሰው የለምና።