የማንቂያ ደወል ሻጭ በራችንን ሲያንኳኳ ምን እንጠይቀው?

(በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙት ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ ጊዜያችሁን የምንወስደው ስለ ሌባ ለመናገር አይደለም። ስለ ሌባማ ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬው ነገራችን «ከሌባ እንጠብቃችኋለን» እያሉ በራችንን ስለሚያንኳኩት ሰዎች፣ ስለሚያስፈርሙን ውልና ሊኖራቸው ስለሚገባው ፈቃድ ነው። እኛ ጠበቆች አይደለንም፤ የተማርነውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ጠይቀንና አስነብበን የተረዳነውን ለእናንተ ማካፈል ግዴታችን ነው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ፣ የ71 ዓመት እናት ናቸው፣ አንድ ረቡዕ ጧት ወረቀት በፌስታል ይዘው መጡ። ባለፈው ሐሙስ ማታ አንድ ትሑት ወጣት መጥቶ «ከአላርም ኩባንያው ነኝ፣ እማማ። ዕቃዎ አርጅቷል፣ በነጻ ልቀይርልዎ» አላቸው። እሳቸውም ያው የድሮው ኩባንያ መስሏቸው ቡና አፍልተው አስተናገዱት። በዚያው ማታ ዕቃው ተገጠመ፣ 99 ዶላር ተከፈለ፣ ወረቀቱም ተፈረመ።

ወረቀቱን ስናስነብበው ኩባንያው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ውሉ የ60 ወር ነው፣ በየወሩ 49 ዶላር። ይህ ሲደመር 2,940 ዶላር ነው። የድሮው ውል ደግሞ አልተቋረጠም። ስለዚህ እኒህ እናት ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ ሊከፍሉ ነው ማለት ነው። «በነጻ ነው ብሎኝ ነበር እኮ!» አሉን። ዕቃው አዎ፣ በነጻ ነበር። ገንዘቡ ያለው በየወሩ በሚከፈለው የክትትል ሒሳብ ላይ ነው። መጨረሻውን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን።

አንደኛ፦ ስለ ፈቃድ

በምንኖርበት በካሊፎርኒያ ማንም ሰው ተነሥቶ የቤት አላርም ልግጠም ማለት አይችልም። ፈቃድ የሚሰጠው በሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የጥበቃና የምርመራ አገልግሎቶች ቢሮ ነው። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ቢ.ኤስ.አይ.ኤስ. ይባላል። ኩባንያው ራሱ የአላርም ኩባንያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሥራውን የሚመራው ኀላፊም በሙያው ቢያንስ 2 ዓመት ወይም 4,000 ሰዓት የሠራና ፈተና ያለፈ መሆን አለበት። ከዚያም ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚሸጠውና የሚገጥመው ሠራተኛ አሻራ ሰጥቶ፣ የቀድሞ ታሪኩ ተጣርቶ፣ በዚሁ ቢሮ መመዝገብ ይኖርበታል።

ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ሰው የትኛው መስኮታችን እንደማይዘጋ፣ በስንት ሰዓት ከቤት እንደምንወጣ፣ የአላርሙም ቁጥር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ስለዚህ በሩን ከመክፈታችን በፊት «የኩባንያህ የፈቃድ ቁጥር ስንት ነው? ያንተስ የምዝገባ ካርድ?» እንበል። ቁጥሩን ጽፈን፣ ነገ ተመለስ ብለን፣ ልጆቻችን በቢሮው ድረ ገጽ ላይ እንዲያዩልን እናድርግ። መፈለጊያው በነጻ ነው፤ ፈቃዱ የጸና ወይም የተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። የከተማ ንግድ ወረቀት ብቻ የሚያሳየን ቢኖር፣ ያ የግብር ወረቀት ነው እንጂ የአላርም ፈቃድ አይደለም። ሁለቱን አናምታታ። እውነተኛ ሠራተኛ ካርድ ስለ ተጠየቀ አይቆጣም፤ ከተቆጣ ደግሞ መልሱን አገኘን ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ውሉ

የአላርም ውል በቃል አይሆንም፤ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። በውሉ ላይ የኩባንያው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና የፈቃድ ቁጥር፣ የሸጠልን ሠራተኛ የምዝገባ ቁጥር፣ ሥራው በግምት የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሚሠራው ሥራና የሚገባው ዕቃ ዝርዝር፣ ዋጋውም መጻፍ አለበት። ከተገጠመ በኋላ አጠቃቀሙን በሚገባ ሊያስተምሩን ግዴታ አለባቸው፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፋል። ጠቅላላ ዋጋው ከ250 ዶላር በላይ የሆነ የመኖሪያ ቤት ውል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍያ በዶላርና በሳንቲም ተዘርዝሮ ሊታይበት ይገባል። ሻጩ «አይዞህ፣ ይህን እንሰርዝልሃለን» ያለው ነገር በወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት እንናዘዝ። ለማኅበራችን መሰብሰቢያ ክፍል አላርም ያስገባን ጊዜ ውሉን ፈርመን ፋይል ውስጥ ከተትነው። ዘመኑ አለቀ ብለን ሌላ ርካሽ ስንፈልግ፣ ውሉ በራሱ ጊዜ ታድሶ አገኘነው። «በዚህን ያህል ቀን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካላስታወቃችሁ ይታደሳል» የሚል መስመር ነበረበት፤ እኛ አላነበብነውም። ከእናንተ መዋጮ የተከፈለ ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። እናንተም ዛሬ ማታ ውላችሁን አውጥታችሁ ይህን መስመር ፈልጉ፤ ቀኑንም በግድግዳ ካላንደራችሁ ላይ ጻፉ።

ሦስተኛ፦ ስለ መሰረዣው ቀን

ሻጩ ቤታችን መጥቶ ያስፈረመንን ውል፣ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ እንችላለን። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በተፈረሙ ውሎች፣ 5 የሥራ ቀን ተፈቅዷል። የተፈረመበት ቀን አይቆጠርም፤ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠርም፤ ቅዳሜ ግን ይቆጠራል። እኛ ራሳችን ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄደን የፈረምነውን ግን ይህ መብት አይሸፍነውም።

አሁን የእኒያን እናት ቀን አብረን እንቁጠር። ሐሙስ ፈረሙ። ዓርብ 1፣ ቅዳሜ 2፣ ሰኞ 3፣ ማክሰኞ 4፣ ረቡዕ 5። ወደ እኛ የመጡት ረቡዕ ጧት ነው። ቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት የመጨረሻው ነበር! ከውሉ ጋር የተያያዘውን የመሰረዣ ቅጽ አገኘን፤ ሞላን፣ ፈረሙበት፣ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ በሬኮማንዴ ላክነው፣ ደረሰኙንም ያዝን። በፖስታ የተላከ መሰረዣ የሚጸናው በአግባቡ ፖስታ ቤት በገባበት ቀን ነው። ሻጩ የተቀበለውን ገንዘብ በ10 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። 99 ዶላራቸው ተመለሰ፣ ዕቃውም ተነሣ።

ሌላው ወንድማችን ግን ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የነገረን፤ «አፍሬ ነው» አለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። እሱ ዛሬም ይከፍላል። እባካችሁ፣ መታለል ነውር አይደለም፤ ዝም ማለት ግን ያስከፍላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ሻጩ በአማርኛ እያስረዳ ከሸጠልን፣ ውሉም የመሰረዣው ማስታወቂያም በአማርኛ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። የመሰረዣ ማስታወቂያው እንደ ሕጉ ካልተሰጠን ደግሞ፣ ቀኑ አለፈ ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ እስኪሰጠን ድረስ የመሰረዝ መብታችን አይዘጋም። «ያገሬ ልጅ ነው» ብለን ብቻ አንፈርም።

በመጨረሻም፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ አላርም ያለው ቤት የፖሊስ አላርም ፈቃድ ማውጣትና በየዓመቱ ማሳደስ አለበት። ያለ ምክንያት ደውሎ ፖሊስ ካስጠራ ክፍያ አለው። ክፍያው የሚመጣው በባለቤቱ ስም ነው፣ በሻጩ አይደለም።

ኮሚቴያችን የወሰነው ይህ ነው። ዘወትር ቅዳሜ ከስብሰባ በኋላ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶቻችን ውላችሁን ያነቡላችኋል። ከተፈረመ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን በራችንን አንኳኩ። ቅሬታ ያላችሁም ወደ ቢሮው እንድትጽፉ እናግዛችኋለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ