ሶፍትዌሩ ሲታደስ ሰነዱ ለምን ያብጣል?

በጽሕፈት፣ በኮፒና በኅትመት ሥራ የተሰማራችሁ ባልደረቦቼ፤

ወረታ መንገድ የሚለይባት ከተማ ናት። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። እዚህ ሩዝ የሚጭን ነጋዴ ጆንያው ሚዛን ላይ ሳይወጣ ስለ ክብደቱ አይከራከርም። ዛሬ ልናገርበት የመጣሁት ጉዳይም ክብደት ነው፤ የሚመዘነው ግን ሰነድ ነው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ሩዝ አዘራር የሚያስረዳ ባለ 40 ገጽ መመሪያ አለ እንበል። እስከ ትናንት በኢሜይል ያለ ችግር ሲላክ ኖሯል። የማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ በታደሰ ማግስት ሁለት ቃል ታርሞ ፒዲኤፍ ሲደረግ ግን አብጦ ይወጣል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ ስለማይሸከም መመሪያው የቀበሌው ግብርና ባለሙያ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ያን ጊዜ አንዱ ኮምፒውተሩን፣ ሌላው ኔትወርኩን፣ ሦስተኛው አዲሱን ሶፍትዌር ይረግማል። እኔ የምለው፦ ከመርገማችን በፊት እንመዝን።

መጀመሪያ ጽሑፉን። በዩኒኮድ፣ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በየገጹ 1500 ፊደል ቢኖር 40ው ገጽ ተደምሮ 180 ሺህ ባይት ነው፤ የአንድ ሜጋባይት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ለሽፋን የገባውን ፎቶግራፍ እንመዝን። ኤ4 ገጽ የሚሞላ ባለቀለም ምስል፣ ለኅትመት በሚፈለገው በኢንች 300 ነጥብ ጥራት፣ ሳይታመቅ 26 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። አንድ ፎቶግራፍ የ145 መመሪያዎችን ጽሑፍ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። እንግዲህ ሰነድ ሲያብጥ ጽሑፉን አትጠርጥሩ።

ታዲያ ሰነዱን ምን አሳበጠው? ሦስት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛው ቅንብሩ ነው። አዲሱ እትም የራሱን ቅንብር ይዞ ስለሚመጣ፣ ምስል እንዲታመቅ ቀድሞ የሰጠነው ትእዛዝ አብሮ ላይሻገር ይችላል። በስልክ የተነሳ ፎቶ በገጹ ላይ የክብሪት ቀፎ ቢያህልም፣ ካልታመቀ በሙሉ ክብደቱ ይገባል።

ሁለተኛው ደለል ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ደለላቸውን በፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚያነጥፉ፣ አንዳንድ ማቀናበሪያዎችም ሰነዱ በተቀመጠ ቁጥር አዲሱን ለውጥ በአሮጌው ላይ ይደርባሉ። የሰረዝነው ሥዕል ከዓይን ቢጠፋም ከፋይሉ ሆድ አይወጣም። ለገበሬው ደለል በረከት ነው፤ ለሰነድ ግን ሸክም ነው።

ሦስተኛው የእኛ የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ልዩ ጣጣ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ቦታው ስለማይበቃም ብዙ ጊዜ ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ይከፋፈል ነበር። በአሮጌው የገጽ ማቀናበሪያ በፔጅሜከር ዘመን የተቀናበረ የአማርኛ ሰነድ በአዲስ ሶፍትዌር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። የቸኮለ ሠራተኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? ፊደሉን ወደ መስመር ሥዕል ይለውጠዋል፣ ወይም የታተመውን ገጽ ስካን ያደርገዋል። መልኩ ይተርፋል፤ ሰነዱ ግን ያብጣል፣ ፊደሉም ፊደልነቱን ያጣል።

መላው ምንድን ነው? አስቀድማችሁ ቅጂ አውጡ፤ ዋናውን አትንኩ። ቅጂውን «ሴቭ አዝ» ብላችሁ በአዲስ ስም አስቀምጡና ሁለቱን አመዛዝኑ፤ አዲሱ ከቀለለ ጥፋቱ የደለሉ ነበር። ካልቀለለ ቅጂውን ለሁለት ክፈሉት፤ ከብዶ የወጣውን ግማሽ እንደገና ክፈሉ። እንዲህ እያላችሁ ከጥቂት ሙከራ በኋላ የከበደውን ገጽ ትደርሱበታላችሁ። ጥፋተኛው ፎቶ ከሆነ በስክሪን ለሚነበበው ቅጂ በኢንች 150 ነጥብ ይበቃል። ጥፋተኛው ሙሉ በሙሉ አብሮ የታሸገ ፎንት ከሆነ በሰነዱ ውስጥ የተጠቀማችሁባቸው ፊደላት ብቻ አብረው እንዲታሸጉ እዘዙ። አሮጌ ፎንት ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው።

በመጨረሻም አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ፒዲኤፉን ከፍታችሁ በመፈለጊያው ላይ «ሩዝ» ብላችሁ ጻፉ። ቃሉ ከተገኘ ሰነዱ ጽሑፍ ነው። ካልተገኘ ያላችሁ የጽሑፍ ፎቶግራፍ ወይም በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ በስልኩ ስለ ዘር ርቀት አንዲት መስመር የሚፈልግ ሰው 40ውንም ገጽ ሊያገላብጥ ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ሥራችሁን በሁለት ቅጂ ያዙ፤ ከባዱ ለማተሚያ ቤት፣ ቀላሉ ለአንባቢ። ሰነድ ለማቅለል ብላችሁ ግን አማርኛን ሥዕል አታድርጉት።