ቅጹን ከላክን በኋላ
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የብድር መጠየቂያውን በስልክ ሞልተን "ላክ" ስንል ቅጹ የት እንደሚገባ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እያንዳንዱ ቅጽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይሆናል። ኮሚቴው ግን ረድፎቹን አንድ በአንድ አያነብም። የሚያየው ማጠቃለያውን ነው፦ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ብር። ገንዘቡም የሚደለደለው ያንን ገጽ አይቶ ነው። እዚያ ያልተቆጠረች ሴት ቅጽ ብትሞላም እንዳልሞላች ናት።

የእድር ጸሐፊ ይህ አይቸግረውም። ፀሐይ በየትኛውም "ጸ" ብትጻፍ የትኛዋ ፀሐይ እንደሆነች ያውቃል፤ ቤቷንም ያውቀዋል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደሉን ብቻ ነው። ሁለቱን "ጸ" ከሦስቱ "ሀ" ጋር ስናጋባ አንዷ ፀሐይ ስድስት ሴት ሆና ልትወጣ ትችላለች፤ "ሃ" እና "ኃ" ሳይጨመሩ ማለት ነው። በተቃራኒው ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት አባላት አንዲት ሴት ሆነው ይጠቀለላሉ።

"እንግዲያው በስልክ ቁጥር ይሰብሰብ" ያላችሁኝ አላችሁ። አንዷ በ09፣ ሌላዋ በ+251 መጀመሯ አያስቸግርም፤ ይስተካከላል። ችግሩ የራሷ ስልክ የሌላት መኖሯ ነው። በልጇ ወይም በጎረቤቷ ስልክ ትሞላለች። በስልክ ቁጥር ካሰባሰብን እናትና ልጅ፣ አንዳንዴም ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ሰው ይሆናሉ። የሚቀሩት ደግሞ ብድሩ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የፋይዳ ቁጥር አይደገምም፤ ነገር ግን ለእኛ ሥራ ያን ያህል መረጃ በየስልኩ ማዞር አልደግፍም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሰበሰበ ይጠየቅበታል። የአባልነት ደብተራችን ቁጥር ይበቃናል። ኔትወርክ ተቋርጦ ሁለቴ የተላከ ቅጽም በዚሁ ቁጥር ይለያል፤ የኋለኛው ይያዛል።

ዓመተ ምሕረትም አለ። በ1956 የተወለደች እናት በ2017 ዓ.ም. 61 ዓመቷ ነው። ልጇ ሲሞላላት በፈረንጆቹ 1964 ብሎ ከጻፈ፣ ሠንጠረዡ የእኛ አቆጣጠር መስሎት 53 ያደርጋታል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት የሚሰጥ ድጋፍ ቢኖር ከዝርዝሩ ወጣች ማለት ነው። ቅጹ ላይ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" የሚል ሁለት ቃል ይህን ያድናል።

ባዶ ቦታም ዜሮ አይደለም። አንዷ በወር 500 ብር፣ ሌላዋ 700 እቆጥባለሁ ብላ ሦስተኛዋ ሳትሞላ ብትተወው አማካዩ 600 ነው። ባዶውን ዜሮ ብለን ከደመርነው 400 ይሆናል። ያልመለሰችውን ሴት "አትቆጥብም" ብለን መዘገብናት ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን "ሥራሽ ምንድን ነው?" የሚለው ነው። አንዷ "ጉሊት" ትላለች፣ አንዷ "በርበሬ መልቀም"፣ አንዷ "ምናለሽ ተራ ነኝ" ብላ ቦታውን ትነግረናለች። ለማጠቃለያ እንዲያምር ሁሉንም "ንግድ" ማለት ይቻላል። መርካቶ ውስጥ ንግድ ያልሆነ ምን አለና! ነገር ግን ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ሱቅ ካላት ጋር በአንድ መስመር ከገባች፣ የብድሩ መጠን ለሁለቱም ላይሆን ነው። የቀን ሠራተኛዋማ ጭራሽ ነጋዴ አይደለችም። እኔ ማጠቃለያው ጥቂት መስመር ቢረዝም እመርጣለሁ። "ሌላ" የሚለው ክፍል ሲበዛም ምርጫዎቹን አሳንሰናልና ቅጹ ይታረም።

የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ደግሞ አይነካ። የሆሄ እርማቱም፣ መቧደኑም በቅጂው ላይ ይሁን። አንዷ "እኔ የት ገባሁ?" ስትል ራሷ የጻፈችውን ማሳየት አለብን።

ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ማጠቃለያው ለኮሚቴ ከመቅረቡ በፊት ለእያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ረድፍ አሳያለሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ማንበብ ለሚያስቸግራት አነብላታለሁ።