«የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ከመሐንዲስ የሚጠበቅ መልስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለ ተጋበዝኩ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ምስጋናዬን በቅድሚያ አቀርባለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እኔ ከመወለዴ በፊት መንገድ የቀየሱና ድልድይ የሠሩ አባቶች ተቀምጠዋል። ስለዚህ የምናገረው ለማስተማር ሳይሆን፣ ሁላችንንም የሚነካ አንድ ጉዳይ በጋራ እንድንመረምረው ለማሳሰብ ነው።

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ልጆችና ወላጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። «ምህንድስና ለመማር የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁናል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ እኛ ራሳችን የተመረቅንበትን ትምህርት ቤት ስም መጥራት ነው። የ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፈ ወጣት፣ የሚቀጥሉትን 5 ዓመታት የት እንደሚያሳልፍ ሲጠይቅ ከእኛ የሚገባው ከትዝታ የተሻለ መልስ ነው።

ወጣቱ የሚያማርጣቸው ትምህርት ቤቶች አመሠራረታቸው የተለያየ ነው። አምስት ኪሎ በ1940ዎቹ አጋማሽ የምህንድስና ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተቋቋመ፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም እስከ ዛሬ መለያው ነው። አርባ ምንጭ በ1970ዎቹ መጨረሻ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተከፈተ። አዳማ ከናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት ተነሥቶ ያደገ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተማሪዎቻቸውን በተለየ የመግቢያ ፈተና መርጠው ይቀበላሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ዓላማ የተሠራ መሆኑን ካወቅን፣ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለምን ሥራ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ያስከትላል።

ብዙ ቤተሰብ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ትምህርት ስለ ተመለሰ፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በገባበት ቀን ሲቪል ወይም ኤሌክትሪካል መሐንዲስ አይሆንም። የትምህርት ክፍል የሚደለደለው በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱና ክፍሉ ባለው የመቀበል ዓቅም መሠረት ነው። ስመ ጥር ወደ ሆነው ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ደግሞ ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው አንደኛና ሁለተኛ የነበሩ ናቸው። በእነርሱ መካከል ሠልፉ ሲወጣ፣ ከእነዚህ አንደኞች አንዱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙን ብሎ የሄደ ተማሪ ስሙን አግኝቶ የሚወድደውን ትምህርት ሊያጣ ይችላል። ያው ተማሪ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ምርጫውን ያገኝ ነበር ይሆናል። ሰው የሚተዳደረው በተማረው ሙያ እንጂ በበሩ ላይ በተጻፈው ስም አይደለምና፣ ይህን ለወጣቱ አስቀድሞ መንገር ግዴታችን ነው።

ይህን ስል የታወቀ ስም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። አምስት ኪሎ የሚማር ልጅ ትልልቆቹ አማካሪ ድርጅቶች፣ ተቋራጮችና መሥሪያ ቤቶች በአቅራቢያው ናቸው፤ ከእርሱ በፊት የተመረቁትም በየቢሮው አሉ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ በአርባ ምንጭ ሃይድሮሊክስ የሚማር ልጅ የኩልፎ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ወደ ጫሞ ሐይቅ ሲወርድ በየዕለቱ ያያል፤ ክረምት ሲገባ የወንዙን ጠባይ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይማራል። ይህም እውነተኛ ጥቅም ነው። ሁለቱ ጥቅሞች የሚመዘኑት ልጁ ሊሠራው ባሰበው ሥራ ሚዛን ነው።

ስለዚህ ለሚጠይቀን ወጣት ስም ከመጥራት ይልቅ ጥያቄዎችን እናስይዘው። የምትፈልገው የትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ተቀበለ? የኮንክሪት መጨፍለቂያውና ቶርኖው የሚሠሩ ናቸው ወይስ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል? ተማሪው ራሱ ይነካቸዋል ወይስ ቆሞ ያያል? ከመምህራኑ መካከል በሙያው ሠርተው የሚያውቁ ስንት ናቸው? ኢንተርንሽፕ ለምንለው የተግባር ልምምድ ተማሪው ቦታ ይፈለግለታል ወይስ ደብዳቤ ይዞ በየደጁ ይንከራተታል? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ከክፍሉ ተማሪዎች ስንቱ አለፉ? እነዚህን ጥያቄዎች በዚያው የሚማር አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከማንኛችንም በተሻለ ይመልሳቸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ልጆቹ ስም የሚያሳድዱት እኛ ቀጣሪዎቹ በስም ስለምንመዝናቸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለመስኖ ሥራ ጀማሪ መሐንዲስ ሲቀጥር ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ማመልከቻዎቹ ወደ እኛ ሲደርሱ በዩኒቨርሲቲ ስም ተለይተው፣ የላይኛውና የታችኛው ክምር ተብለው ነበር። ሁለቱንም ክምር እንይ ብለን ለሁሉም አንድ ጥያቄ አቀረብን፤ በየክረምቱ ደለል የሚሞላው የወንዝ ጠለፋ ቢሰጣችሁ በመጀመሪያ ምን ትመለከታላችሁ? ብዙዎቹ ቀመር ጻፉ። ከታችኛው ክምር የመጣች አንዲት ወጣት ግን «የደለል ማስወጫውን በር ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ የሚከፍተው ማን ነው?» ብላ መልሳ ጠየቀችን። በመስኖ ላይ የሠራችሁ ሁሉ ይህ ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ መስክ ላይ ቆሞ ካየ ሰው ነው። አንድ ሰው ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ያ ክምር ሳይነካ ቢቀር ኖሮ፣ እርስዋ ሥራውን፣ መሥሪያ ቤቱም እርስዋን ባጡ ነበር።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ ከብሔራዊው ፈተና ውጤት በፊት የየትምህርት ክፍሉን ቤተ ሙከራ፣ መምህራንና የተግባር ልምምድ ሁኔታ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያድርስ። ሁለተኛ፣ ድርጅት የምንመራ አባላት ለልምምድ ከምንሰጠው ቦታ የተወሰነውን ከአዲስ አበባ ርቀው ለሚማሩ ተማሪዎች እንመድብ። ሦስተኛ፣ ስንቀጥር የዩኒቨርሲቲውን ስም የምናየው ፈተናው ካለቀ በኋላ ይሁን።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ስም ሰው በሥራው የሚያተርፈው ነው። የተማረበት ቤት ስም ሥራ እስኪጀምር ድረስ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ እጅ ነው። ይህን ለልጆቻችን በቃል ነግረን፣ በቅጥራችንም እንድናሳያቸው አደራ እላለሁ።