የብረት ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዴት ይችለዋል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእድሩን አዳራሽ በብረት ቋሚ ለማሠራት ከተነሣን ወዲህ «ብረት ከሆነማ የመሬት መንቀጥቀጥ ምን ያደርገዋል?» ሲባል እንሰማለን። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ሲናወጥ እስከ አዲስ አበባ ስለ ተሰማ፥ ጥያቄው የሩቅ አይደለም። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ጸሐፊ ነን እንጂ መሐንዲስ አይደለንም፤ ሆኖም አንብበንም የሚያውቁትን ጠይቀንም የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃውን የሚጎዳው የገዛ ክብደቱ ነው። መሠረቱ ከመሬቱ ጋር ወዲያ ሲሄድ የላዩ አካል ባለሁበት ልቅር ይላል፤ አውቶቡስ ድንገት ሲነሣ የቆመ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚንገዳገደው ማለት ነው። ሕንፃው በከበደ መጠን ጉተታው ይብሳል። የድንጋይና የጡብ ግንብ ከባድ ነው፤ መጎተትንም አይችልም፥ ይሰነጠቃል። በብረት አጽም የቆመው ቀለል ይላል፥ ደግሞም ይለመጣል።

ይህን ቢሮ ውስጥ ስንሠራ በጠረጴዛችን ላይ ያየነው ነው። ጠመኔ ሲያጎብጡት ቀጭ ይላል። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ግን በጥቂቱ ቢያጎብጡት ይመለሳል፤ አብዝተው ቢያጎብጡት ጎብጦ ይቀራል እንጂ አይሰበርም። ብረቱም እንዲህ ሲጎብጥ የመንቀጥቀጡን ኃይል ይበላለታል። ያንኑ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ቢያመላልሱት ግን በመጨረሻ ይበጠሳል። ከዋናው ቀጥለው የሚመጡት መንቀጥቀጦች የሚያስፈሩት ለዚህ ነው፤ እነሱ የሚያገኙት አስቀድሞ የጎበጠውን ሽቦ ነው።

በሜክሲኮ ከተማ የሆነውን እንንገራችሁ። ከተማው ያረፈው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 19 ቀን 1985 ከከተማው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተነሣው መንቀጥቀጥ በሬክተር 8 ገደማ ነበር፤ ጭቃው እያወዛወዘ አባሰው። በማግስቱም 7.5 የሚሆን ሌላ ተከተለ። እዚያ በ1956 የተፈጸመ ላቲኖአሜሪካና የሚባል ባለ 44 ፎቅ የብረት አጽም ሕንፃ አለ። ምሶሶዎቹ ከ30 ሜትር በላይ ወርደው ጠንካራ አፈር ላይ እንዲያርፉ ተደርገዋል። በ1957 የደረሰውንም፥ የ1985ቱንም ችሎ ዛሬም ቆሟል።

በዚያው ከተማ፥ በዚያው ዕለት፥ ፒኖ ስዋሬስ በተባለው ስፍራ ከነበሩት የብረት ሕንፃዎች አንዱ፥ ባለ 21 ፎቁ፥ ተገንድሶ ባለ 14 ፎቅ ጎረቤቱን ይዞት ወደቀ። ይህም ብረት ነበር! ቋሚዎቹ ላሜራ ከላሜራ ጋር ተበይዶ እንደ ሳጥን የተሠሩ ነበሩ፤ ጭነቱ ሲበዛባቸው ላሜራው ተሸበሸበ፥ ብየዳውም ተከፈተ።

በሎስ አንጀለስ ደግሞ በጥር 17 ቀን 1994 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) 6.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። የብረቶቹ ሕንፃዎች ቆመው ስለ ታዩ ሰው ሁሉ አመሰገነ። ቆይተው ሽፋኑን ሲገልጡ ግን፥ ከመቶ በሚበልጡ ሕንፃዎች ውስጥ አግዳሚው ከቋሚው የሚገናኝበት ብየዳ ተሰንጥቆ አገኙት። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም የተባለበት ነበር። የአሜሪካ መሐንዲሶች የብየዳ ደንባቸውን የለወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለኛ አዳራሽ የብረቱን ውፍረት ብቻ መጠየቅ አይበቃንም። ባለ ሱቁ «ይህ ዝሆን አይጥለውም» ሊለን ይችላል፤ ብረቱን እንጂ መገጣጠሚያውን አልሸጠልንም። ብየዳ ላዩ አብረቅርቆ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ፀረ ዝገት ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ማን ያየዋል? ቀብር ባለ ቁጥር ሁለት መቶ ሰው የሚቀመጥበት ጣራ ነው።

ኮሚቴው የበያጁን ክፍያ ሲያጸድቅ የመሐንዲሱንም አብሮ ይያዝልን። መሐንዲሱ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሳይቀባ ይይልን፤ ኮርኒሱም ሲሠራ በየቋሚው ራስ ላይ የሚከፈት መዝጊያ ይተውለት፤ መንቀጥቀጥ በተሰማ ጊዜ ሁሉ መሰላል አቁመን፥ ሰው ከመግባቱ በፊት፥ ብየዳውን እንድናስመረምር።