ከለውጡ በፊት ንባቡ



በየመሥሪያ ቤታችን ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘንም ታከለ። ሠራተኛው ‹‹ይኼም ያልፋል›› ብሎ ይጠብቃል፤ እኔ አልፈርድበትም። የቢፒአር አቀንቃኞቹ ሐመርና ቻምፒ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሙከራ ያለመውን ከፍተኛ ውጤት እንዳላገኘ ገምተዋል። ይህን ያነበበ ኃላፊ ‹‹መቼ እንጀምር?›› ከማለቱ በፊት ‹‹ሌሎቹን ምን ጣላቸው?›› ይላል። የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ማለት ይኼው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለት ማሟያ ብቻ አይደለም።

መምህራኖቻችን፣ ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የተጻፉ የተማሪዎቻችሁ ጥናቶች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ደግሞ ወንበሩ ላይ አለን። በየዓመቱ አንድ ጥናት ስጡን፤ በሚቀጥለው ግንኙነታችን ምን እንደሠራንበት መጥተን እንንገራችሁ።