ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የማን ሰው ነበሩ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከቦሌ አየር ማረፊያ በየቀኑ ከሚነሡት አውሮፕላኖች ውስጥ፥ ሕዝቡ ያስተማራቸውን ሐኪሞች ይዘው የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ ዛሬ በተቃራኒው መንገድ ስለ መጡ ሐኪም ልናገር ፈለግሁ።

ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ በሁለት መኮንኖች ስምም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በስኮትላንድ ዕውቀታቸውን ካሰፉ በኋላም በበርማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሠሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ሕመምተኛ ማከም ሲጀምሩ፥ ዘመዶቻቸው በገላቸው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው። እሳቸው ግን የእናታቸውን ቋንቋ ረስተው ነበር።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ «ስማቸውም ጠባያቸውም የእንግሊዝ ነው፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮንም በሐኪምነት አገልግለዋል» ይላል። ሌላው ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የገደሏቸውን ሁለት ልጆቻቸውን፥ ቢንያምንና ዮሴፍን፥ ይጠቅሳል። እኔ ግን የልጆቹን ደም ለአባት ምስክር አድርጎ ማቅረብ አልወድም። ልጆቹ የሞቱት ራሳቸው በመረጡት መንገድ ነው።

ሌላ መመዘኛ እንፈልግ። ዶክተር አልበርት ሽዋይትዘር በ1905 ዓ.ም. ጋቦን ገብተው በላምባሬኔ ሆስፒታል ሠሩ፤ የ1952 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማትም ተሰጣቸው። ርኅራኄያቸውን የሚክድ የለም። ሆኖም አፍሪካውያንን እንደ ታናሽ ወንድም ይቈጥሩ ነበር ተብለው ተወቀሱ። ታናሽ ወንድም የተባለ ሰው ቤቱን የሚረከበው መቼ ነው?

ሐኪም ወርቅነህ በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ከባድ ናቸው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ፤ የረሱትን ቋንቋ ለተማሪ መጽሐፍ አደረጉት ማለት ነው። ነፃ ለወጡ የባሪያ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ ጣልያን ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሟገቱ።

ጉድለቱንም አንሸሽግ። ለጥቂት ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ባርነት በሕግ ጨርሶ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በጎ አድራጊው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፥ ቸርነት የፍትሕን ቦታ ሊሞላ አይችልም። ደግሞም ሐኪሙ ራሳቸውን የመሰለ ሐኪም የሚያወጣ ትምህርት ቤት ሳያዩ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በተወለዱባት ከተማ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ የማን ሰው ነበሩ? እኔ የምመልሰው፥ ያስተማሯቸው ሰዎች ናቸው፤ ብዬ ነው። ከእኛ መካከል ነገ በቦሌ በኩል የሚሄድ ይኖራል። መሄዱን አልነቅፍም፤ ችግሩን ዐውቃለሁና። ነገር ግን ወርቅነህ ሳይጠየቁ ተወስደው፥ ወድደው ተመለሱ። እኛ ወድደን ሄደን፥ ማንን ተክተን ነው የምንሄደው? ይህን ጥያቄ ለእናንተ ትቼ ንግግሬን አበቃለሁ።